የማይጠጣው ወተት

ማሽኑን የጫነው መኪና ቆቦ የገባው በገበያ ቀን ስለነበር፣ ግማሹ ገበያተኛ እስከ እርሻ ጣቢያችን በር ድረስ ተከትሎት መጣ። ሸራው ሲገለጥ ሰው የጠበቀው ትራክተር ነበር። የወረደው ግን አልጋ የሚያህል የብረት ጠረጴዛ፣ ከላዩ የተንጠለጠለ ከባድ የብረት ራስ፣ በገመድ የታሰሩ ሳጥኖችና አንድ ጄኔሬተር ነው። "ይኼ ደግሞ ምን ያርሳል?" አሉ አንድ ሽማግሌ። እኔም አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ትውልዴ እዚያው ቆቦ ነው፤ አባቴ ከማይጨው ወገን መጥቶ የሰፈረ ልብስ ሰፊ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የእንስሳት ጤና ረዳትነት ኮርስ ከወሰድኩ በኋላ ስመደብም ቆቦ ደረሰኝ። ከብት እከትባለሁ፣ መዥገር አራግፋለሁ፣ ያበጠ ጡት አጥባለሁ። መጀመሪያ ሴት ልጅ በሬ ስትወጋ ማየት ሰዉን ያስቀው ነበር፤ ቆይቶ ግን "ያቺን ልጅ ጥሩልኝ" ማለት ጀመረ። በዚያ ዕድሜዬ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልተመኘሁም።

ከማሽኑ ጋር የመጡት ባለሙያ ከምሥራቅ አውሮፓ የተላኩ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ሁላችንም "ዶክተሩ" እንላቸው ነበር። የእኔም የእርሳቸውም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር። የመጡበትን ጉዳይ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩኝ። በቆላው በአንዳንድ መንደር የፍየል ግልገል አንገቱ አብጦ፣ ጠጉር ሳያበቅል ይወለድና በሳምንቱ ይሞታል። እኛ "እንቅርት ይዞት ተወለደ" ከማለት በቀር ምክንያቱን አናውቅም። እርሳቸው ውኃውንና አፈሩን ይጠረጥራሉ። ማሽኑ የመጣው ለዚህ ነው፤ ፍየሏን ሳያርዱ፣ ቆዳዋን ሳይቀድዱ፣ በሕይወት እያለች የአንገቷ ዕጢ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት።

ነገሩን ያመንኩት በዓይኔ ሳየው ነው። መድኃኒቱ ጨረር ያለበት አዮዲን ነበር። ከውጭ አገር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይገባና በመኪና እኛ ዘንድ ይደርሳል፤ ያለችው ጠብታ ለዓይን አትሞላም፣ የተቀመጠችበት ከእርሳስ ብረት የተሠራ ዕቃ ግን በአንድ እጅ አይነሣም። ዶክተሩ ከእርሷ ጥቂት ቀድተው የአንዲት ፍየል ደም ሥር ውስጥ ወጉ። በማግስቱ ፍየሏን በመርፌ አስተኝተን ጠረጴዛው ላይ በጀርባዋ አጋደምናት። የማሽኑን ራስ ወደ አንገቷ አወረዱትና ጄኔሬተሩ ተነሣ። ራሱ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ እያለ ይመላለሳል፤ ከጎኑ ያለች ብዕር ደግሞ ወረቀት ላይ ጠቅ፣ ጠቅ እያለች ነጥብ ትጥላለች። ጨረሩ በበዛበት ነጥቡ ይበዛል፣ በሌለበት ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት የባቄላ ፍሬዎች የሚመስል ነገር ወጣ።

"ይኸው ዕጢዋ" አሉ ዶክተሩ። "አዮዲኑን እየዋጠ ነው። ሕያው ሆኖ ሲሠራ ነው የምታዪው።"

ፍየሏ አጠገባችን ታንኮራፋለች። ወረቀቱን አየሁ፣ እርሷን አየሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በሥራዬ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም።

ለጥናቱ የሚሆኑ ፍየሎች ፈልጊ ተብዬ በሮቢት በኩል ወዳሉት መንደሮች ወረድኩ። በልጉ ቀርቶ ስለነበር ፍየሉን ሊያስረክብ የፈለገ ሰው ብዙ ነው። ግልገሎቿ አንገታቸው እያበጠ ያለቁባት አንዲት ሴት ስምንት ፍየሎች ነበሯት። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ባሏ ከብቱን ይዞ ሣር ፍለጋ በዞብል ተራራ ማዶ ወደ አፋር ከወረደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ዓመት ያልሞላት ሴት ልጅ አዝላለች።

"ልታርዷቸው ነው?" አለችኝ።

"አናርድም እትዬ። እንመረምራቸዋለን፤ ሣርም ውኃም ይሰጣቸዋል።"

"ወላሂ በይ።"

"እውነቴን ነው።"

"እንግዲያ ውሰጂያቸው። እኔ ዘንድ ሆነው ዓይኔ እያየ ከሚሞቱ እናንተ ጋር ይኑሩ" አለችና አንዷን፣ ዳለቻዋን፣ አንገቷን ዳሰሰቻት። "ይቺ ለእጅ ትመቻለች። ስትታለብ አትራገጥም።"

ስምንቱንም ይዘን ገባን። አዲሱ አዮዲን ከወራት በኋላ ሲደርስ ዶክተሩ ስድስቱን ወጉ። ዳለቻዋንና ሌላ አንዷን ለማነጻጸሪያ ሳይወጉ ተዉአቸው። ከዚያ ደንቡን ነገሩኝ። የተወጉት ፍየሎች ሽንት፣ በጠጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወተታቸው ከግቢው ጀርባ በተቆፈረው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። አዮዲን ወደ ወተት ፈጥኖ ይሄዳል፤ ወተቱን ሕፃን ቢጠጣው ደግሞ አንገቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። የጨረሩ ኃይል በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። "ሰማንያ ቀን ካለፈ በኋላ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል" አሉኝ። የጣቢያው ኃላፊ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት የሚበልጥ ወጣት፣ ይህን ሲሰማ የራሱን ትእዛዝ ጨመረበት፤ ሰማንያም ሆነ መቶ፣ ከፍየሎቹ የሚወጣ አንዳች ነገር ከግቢ አይወጣም።

በእነዚያ ወራት ክረምቱም ሳይዘንብ ቀረ። በየዓመቱ ከተራራው እየወረደ ማሳውን የሚያጠጣው ጎርፍ አልመጣም። ማሽላው ጉልበት ድረስ አድጎ ቆመ፣ ከዚያ ከሥሩ ቢጫ ሆነ፤ ሰዉ ለከብቱ እንዲሆን ሳያፈራ አጨደው። ቆይቶ ደግሞ የሚበላው ከብትም ጠፋ። ከደጋውም ከቆላውም የሚመጣው ሰው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ተኮለኮለ። እኛ ግቢ ለስምንቱ ፍየሎች ሣርና ውኃ በመኪና ይመጣ ነበር። ሹፌሩ ያን ሁሉ ሰው እየሰነጠቀ ሲገባ ጥሩምባውን አይነፋም፤ ሰው ቀና ብሎ ሣሩን ያያል፣ መኪናው ያልፋል። እኔ በሩን ከፍቼ እቀበለዋለሁ።

ሴትየዋ አንድ ቀን ጠዋት አጥሩ ጋ ቆማ አገኘኋት። ቤቷን ትታ አስፋልቱ ዳር ካለው መጠለያ ገብታለች። ልጅቷን ከጀርባዋ አውርዳ አሳየችኝ። በበልግ ያየኋት ሕፃን አልነበረችም፤ ጭንቅላቷ ተልቆ አንገቷ እንደ ክር ቀጥኗል።

"ጡቴ ደርቋል" አለችኝ። "ስኒ ሙሉ ወተት ስጪኝ። የሰው አልጠየቅሁሽም፤ የገዛ ፍየሎቼን ነው።"

"እትዬ፣ ወተቱ አይጠጣም። ፍየሎቹ መድኃኒት ተወግተዋል።"

"መድኃኒት ከሆነማ ይበጃታል።"

"እንደዚያ ያለ አይደለም። ለሕፃን መርዝ ነው።"

"ፍየሎቹ ግን ወፍረዋል" አለች። እውነቷን ነበር፤ እነርሱ ወፍረዋል። እንዴት ላስረዳት? ጨረር አይታይም፣ አይሸትም። ሮጬ ትንሹን የጨረር ቆጣሪ አመጣሁና አጥሩ ጋ ቆማ እያየች ከተወጉት የአንዷ አንገት ላይ አስጠጋሁት። ቆጣሪው ይንጣጣ ጀመር።

"ሰዓት ዋጠች?" አለችኝ።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው አፈርኩ። እርሷ አልሳቀችም። የጠዋቱን ወተት ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩና ደፋሁት። ዞር ስል አሁንም ታየኛለች። አልተቆጣችም። ዕብድ የሚያደርገውን ቆሞ እንደሚያይ ሰው ነበር የምታየኝ።

ዳለቻዋን ያሰብኳት በማግስቱ ነው። አልተወጋችም፤ ወተቷ ንጹሕ ነው። እርሷንም ሳልብ የነበረው ወደ ጉድጓዱ ለመድፋት ነበር፣ ትእዛዙ ሁሉንም ስለሚል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው፣ ኃላፊው ቢሮ ሳይገባ፣ አንድ ጣሳ ወተት በአጥሩ ቀዳዳ አሾልክላት ጀመር። ልጅቷ እዚያው እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ትጠጣለች። አንድ ሳምንት ካለፈ በኋላ ጣሳውን በሁለት እጇ መያዝ ጀመረች። አንድ ቀን ጠጥታ ስትጨርስ ጣሳውን አልሰጥም ብላ አለቀሰች፣ እናቷም እኔም ደስ አለን፤ የምታለቅስበት ጉልበት አግኝታለች ማለት ነው።

ለዶክተሩ አልነገርኳቸውም። እርሳቸው ይከለክሉኛል ብዬ ሳይሆን ሳያስቡት ለኃላፊው ያወሩ ይሆናል ብዬ ነው። ይህ አለመንገሬ ዛሬም ድረስ ይመላለስብኛል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ አባሰንጋ ገባ ተባለና ለክትባት ወደ ጎብዬ ተላክሁ። አራት ቀን ቆየሁ። የተመለስኩ ዕለት በማለዳ ግቢ ስገባ ሴትየዋ ቀድማኝ አጥሩ ጋ ተቀምጣለች። አራቱንም ቀን እየመጣች ባዶ እጇን ተመልሳለች። ልጅቷ እንደገና ፈዛለች። ዕቃዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ዳለቻዋን አለብኩና ጣሳውን ሞልቼ ሰጠኋት። ልጅቷ አንድም ጠብታ ሳታስቀር ጨረሰችው።

"አላህ ዕድሜ ይስጥሽ" አለችኝ እናቷ።

ከዚያ ወደ ማሽኑ ክፍል ገብቼ የሥራውን መዝገብ ገለጥኩ። አዲስ አዮዲን እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ደርሷል። እንዳይባክን ብለው ዶክተሩ ሁለቱን ማነጻጸሪያዎች ወግተዋቸዋል። የዳለቻዋ ቁጥር በእጃቸው ተጽፏል፤ የተወጋችው ትናንት ነው።

መዝገቡን እንደያዝኩ ሄጄ የዶክተሩን በር አንኳኳሁ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጢማቸውን እየተላጩ ነበር። ምላጩን አስቀመጡ።

"ምን ያህል ጠጣች?"

"አንድ ጣሳ። ሙሉ።"

"ልጅቷ የታለች?"

"አስፋልቱ ዳር።"

"ነገ ጠዋት አምጫት" አሉኝ። "ዕጢዋ እስኪውጠው ጊዜ ይፈልጋል።"

በማግስቱ ለሴትየዋ ሐኪም ልጅሽን ሊያያት ይፈልጋል አልኳት። ፊቷ በራ። ከሰው ተውሳ መሆን አለበት ንጹሕ ነጠላ ለብሳ መጣች። ኃላፊው ለስብሰባ ወልድያ ሄዶ ስለነበር ዘበኛው አሳለፈን። ዶክተሩ ቆጣሪውን ከልጅቷ አንገት ላይ አስጠጉት። ተንጣጣ። የፍየሎቹን ያህል አይፈጥንም፤ ግን ተንጣጣ። እናቷ የእኔን ፊት ታያለች። ፊቴን ምን ላድርገው?

"ብዙ አይደለም" አሉ ዶክተሩ በእንግሊዝኛ። "ግን ለሕፃን ጥሩ አይደለም። ከእንግዲህ አይደገም።" ከዚያ ጠረጴዛውን አዩ። "አንድ ጊዜ በማሽኑ እንያት።"

"ለእርሷ ምን ይጠቅማታል?"

"ለእርሷ ምንም። እኛ ግን እናውቃለን። ከእናቶቹ ዕጢ ጋር ልናስተያየው እንችላለን።" እናቶቹ ያሉት ፍየሎቹን ነው። ይህን ሲሉ ክፉ ሰው አይመስሉም ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ነገር ሲፈልጉ የኖሩና ድንገት በሩ የተከፈተላቸው ሰው ነበር የሚመስሉት። እምቢ ማለት እችል ነበር። እናቲቱን "ተነሽ እንሂድ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ጆንያ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አነጠፍኩ።

ልጅቷን በጀርባዋ አስተኛናት። እናቷ እግሯን፣ እኔ ራሷን ያዝን። ፍየሎቹ እንዳይንቀሳቀሱ በመርፌ ነበር የምናስተኛቸው፤ እርሷን ማስተኛት አላስፈለገም። ዓይኗን ከፍታ ወዲያና ወዲህ የሚሄደውን ብረት በዓይኗ ትከተላለች፤ ከዚያ መከተሉ ደከማትና ተወችው። ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ብዕሯ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ያን ግማሽ ሰዓት በሕይወቴ ውስጥ ካለፉት ሰዓታት ሁሉ ረጅሙ ነው ብል አላጋነንኩም። ሥዕሉ ወጣ። ልጅቷ ፈጽሞ ስላልተንቀሳቀሰች ከፍየሎቹ ሁሉ ይልቅ የጠራ ነበር፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር የሚያህል፣ ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ የመሰለ።

"ምን አገኛችሁባት?" አለች እናቷ።

ዶክተሩ ጥያቄው ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ደህና ናት" አልኩ። "ምንም የለባትም።"

ሴትየዋ የዶክተሩን እጅ ይዛ ሳመችው። "እስከዛሬ ሐኪም ያየው ልጅ የለኝም። ሁለት ቀብሬያለሁ፤ አንዱንም ሐኪም አላየልኝም። አላህ ይስጥልኝ" አለች። እኔ ተረጎምኩላቸው። ዶክተሩ ወደ ጓዳቸው ገብተው ለራሳቸው ካመጡት የዱቄት ወተት ሁለት ጣሳ አምጥተው ሰጧት። የቀራቸው ያ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከክፍላቸው አልወጡም።

የዱቄቱ ወተት ዘጠኝ ቀን አቆያቸው። ሲያልቅ ሴትየዋ እንደገና አጥሩ ጋ መጣች። አሁን ስምንቱም ፍየሎች ተወግተዋል፤ የምሰጣት ወተት የለም። ከራሴ ራሽን እየቀነስኩ የማሽላ ዱቄት እሰጣት ነበር። እርሷም አጥሚት እያደረገች ታጠጣታለች፤ የልጅቷ ሆድ ግን አልቀበል አለ፣ የገባው ሁሉ ይወጣል። ኃላፊው ጋ ገብቼ በአንድ ነገር እንርዳት አልኩት።

"ጓድ" አለኝ፣ "ለአንዷ ስትሰጪ ያን ሁሉ ሰው ምን ልትዪው ነው?"

"አንዷ የፍየሎቹ ባለቤት የነበረች ናት።"

"ፍየሎቹ አሁን የመንግሥት ናቸው። ሁለተኛ አጥሩ ጋ ሰው እንዳላይ።" ድምፁ ከቁጣ ይልቅ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁሉም ከበላዩ ያለውን ይፈራል።

ከዚያ መዝገቡን ይዤ ቀን ቆጠርኩ። መጀመሪያ የተወጉት ስድስቱ ፍየሎች ሁለተኛ አልተወጉም። ከተወጉ ስድሳ አንድ ቀን ሆኗቸዋል። ከእነርሱ ሁለቱ አሁንም ይታለባሉ። ዶክተሩን ጠየቅኋቸው።

ወረቀት ላይ ጻፉና "ከሁለት መቶ እጅ አንዱ ቢቀር ነው" አሉኝ። "ከዚያም ላይ ፍየሏ በሽንቷና በወተቷ አብዛኛውን አስወጥታዋለች። ከዚያች ጣሳ ጋር አይወዳደርም።"

"እንግዲያ ልስጣት?"

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። "ልጄ ብትሆን እሰጣታለሁ። ግን ስጪ ብዬ መፈረም አልችልም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ቆጣሪውን ወስጄ የፍየሎቹ አንገት ላይ አስጠጋሁ። አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ባዶ አየር ላይ ብይዘውም አልፎ አልፎ ጠቅ እንደሚል አውቃለሁ። ግን ያ የልጅቷ አንገት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። አንድ ጊዜ በገዛ እጄ አጠጥቻታለሁ፤ ሁለተኛ አላጠጣትም አልኩ። ሰማንያው ይሙላ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው አልኩ። በየቀኑ ጠዋት ሁለቱን ፍየሎች አልባለሁ፤ ወተቱን ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይዤ እቆማለሁ፤ እደፋዋለሁ። ቀኑን እየቆጠርኩ።

በስድሳ ዘጠነኛው ቀን ሴትየዋ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ መጣች።

"ትናንት ቀበርናት" አለችኝ። "ወደ ማታ ላይ ትንፋሿ ቀጥ አለ። አልተሠቃየችም።"

አጥሩን ይዤ ቆምኩ። የእሾኩ ሽቦ መዳፌን ሲወጋው ደስ አለኝ።

"አንቺ ብዙ ደክመሽላታል" አለች። "ወተትም ሰጠሽልኝ፣ ለሐኪምም አሳየሽልኝ። ከአላህ በታች ያንቺን ያህል ያሰበላት የለም። አታልቅሺ፣ ቀኗ ነው።"

እርሷ ነበረች እኔን የምታጽናናው። ያን ጊዜ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ መርዝ ያልኩሽን ወተት አጠጥቻታለሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ፈርቼ የሚጠጣውን ስደፋ ነበር፣ ሐኪም አያት ያልኩሽም ሕክምና አልነበረም ልላት። "አላህ ያጽናሽ" ብቻ አልኳት። እርሷም "አሚን" ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በስተሰሜን ውጊያው ጠነከረ፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን መዘጋት ጀመረ፣ አዮዲኑም መምጣቱን አቆመ። ዶክተሩ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ታዘዘ። ሲሄዱ ሊጨብጡኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጨበጥኳቸው። የሚናገሩት ነገር ያላቸው ይመስሉ ነበር፣ ግን መኪናው ተነሥቶ ነበር።

የፍየሎቹ ነገር በደብዳቤ መጣ። ታርደው፣ ኖራ ተደርጎባቸው ይቀበሩ ይላል። ስድስቱ ከተወጉ ሰማንያ ቀን አልፏቸዋል። ቆጣሪውን ይዤ በየተራ ለካኋቸውና ለኃላፊው ወስጄ አሳየሁት።

"ስድስቱ ንጹሕ ናቸው። ሥጋው ለመጠለያው ይሰጥ።"

"ደብዳቤው ስምንት ነው የሚለው" አለኝ።

"ደብዳቤውን የጻፈው ሰው እዚህ የለም። ሰዉ ግን እዚህ ነው፤ ይኸው በሩ ላይ።"

"አንቺ የፈለግሽውን ያህል ለኪ" አለኝ። "እኔ ልጆች አሉኝ።"

ዘበኞቹ አረዷቸው። የፍየል ጩኸት ሲሰማ ሰዉ ከአስፋልቱ እየተነሣ መጣ። አጥሩን ከበው ቆሙ፤ ማንም አልጮኸም፣ ማንም ድንጋይ አላነሣም። ዳለቻዋ አልተራገጠችም። ሥጋው ወደ ጉድጓዱ ሲወረወር፣ ኖራው በላዩ ሲነሰነስ ቆመው አዩ። አንድ ሰውዬ ብቻ "ቆዳውን እንኳ" አሉ፣ በለሆሳስ፣ ለማንም ሳይሆን። አፈሩ ከተመለሰ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልሄዱም። ኃላፊው ጉድጓዱን የሚጠብቅ መሣሪያ የያዘ ዘበኛ አቆመ።

ያን ሳምንት ቆረጥኩ። ሄጄ ለሴትየዋ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ትርገመኝ፣ ትምታኝ፣ የፈለገችውን ታድርግ። መጠለያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩ። እርሷ የነበረችበት ቦታ ሌላ ቤተሰብ ሰፍሮበታል። አጠገቧ የነበሩ አሮጊት "ለሠፈራ ከሚጭኑት ጋር ወጣች" አሉኝ። "ወዳም ይሁን ሳትወድ አላየሁም፤ መኪናው ላይ ግን አይቻታለሁ።"

ለሠፈራ የሚመዘግቡበት ድንኳን ሄድኩ። አንድ ካድሬ ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል። ስሟን ነገርኩት፣ ወዴት እንደተጫነች ጠየቅሁት። ደብተሩን ሁለት ቅጠል ገለጠና ቀና ብሎ አየኝ።

"ምኗ ነሽ?"

እህቷ ነኝ ማለት እችል ነበር። ጎረቤቷ ነኝም ማለት እችል ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ገፉኝ። ካድሬው ጥቂት ጠበቀኝና ደብተሩን ዘጋው፤ በእጁ ዞር በይ አለኝና ከኋላዬ የነበረውን ሰው ጠራ።

ከዚያ በኋላ ስለ እርሷ የሰማሁት ነገር የለም።